ልጄ አራት ሳምንት ሆስፒታል ውላ ጨረሰች፦ ስለ ፕሮግራሙ ለምትጠይቁኝ እናቶች

ባለፈው ሐሙስ ልጄ ፕሮግራሟን ጨረሰች። የሃይስኩል ተማሪዎች ሆስፒታል እየዋሉ የሕክምና ሙያዎችን በቅርብ የሚያዩበት ፕሮግራም ነው። ሰማያዊ ስክራቧን፣ የሆስፒታል የሥራ ልብሷን ማለት ነው፣ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ሰቀለችው። ባጇን ግን መልሳ መጣች። «እማ፣ ባጁን ስሰጣቸው ሆዴ ባባ» አለችኝ። አራት ሳምንት ሙሉ በር ሲከፍትላት የነበረ ካርድ ነው። እኔም ስትነግረኝ ሆዴ ባባ።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። «የት ነው ያስገባሻት?» «ስንት ከፈልሽ?» «የኔንስ ልጅ ይቀበሉት ይሆን?» ከቤተ ክርስቲያን ብቻ አራት እናቶች ጠይቀውኛል። ለእያንዳንዱ ከምደግመው አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ቅር ያለኝም ነገር አለና። ደግሞ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ያላቸው ሆስፒታሎች ብዙ ናቸው። የምነግራችሁ አብዛኛው ለሌላውም ይሠራል።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ደሴ ሳለሁ ስድስት ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። እዚህ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ነኝ። ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት እሠራለሁ። የነርስነት ፈቃዴን ለማውጣት ወረቀቴ ተገምግሞ አልቋል፤ ፈተናው ይቀረኛል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ያየሁት እንደ እናትም እንደ ባለሙያም ነው።

መጀመሪያ ስለ ገንዘብ፤ ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነውና። ፕሮግራሙ በነጻ ነው። እኛ ያወጣነው ለስክራቡና ለጫማው ብቻ ነው። መመላለሻውም ቢሆን በራይድ ኦን አውቶቡስ ልጆች በነጻ ስለሚሳፈሩ ምንም አልከፈልንም።

ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። አምና በፖስታ አንድ ደብዳቤ መጥቶልን ነበር። ወፍራም ወረቀት፣ የወርቅ ቀለም ማኅተም፣ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ተመርጠሻል» የሚል። እናቴ እልል አለች። እኔም በፍሬም ላሰቅለው ነበር። ወረድ ብዬ ሳነብ ለሦስት ቀን ብቻ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ የአውሮፕላኑና የሆቴሉ ሳይቆጠር። የትምህርት ቤቷን ካውንስለር፣ የተማሪዎች አማካሪዋን ጠየቅኋት። «ይህ ሽልማት አይደለም፤ ለብዙ ልጅ ነው የሚላከው» አለችኝ። እናቶች፣ ወረቀቱ ስላማረ ብቻ ዕዳ ውስጥ አትግቡ። መጀመሪያ አጠገባችሁ ያለውን ሆስፒታል ጠይቁ። ኮሚኒቲ ኮሌጁን ጠይቁ። ካውንስለሯን ጠይቁ። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በብርዱ ወራት ነው። ትምህርት ሊዘጋ ሲል ብትጠይቁ አልፏል ትባላላችሁ።

ለማመልከቻው የትምህርት ውጤት፣ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤና አንድ ድርሰት ተጠየቀች። የመጀመሪያ ድርሰቷ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ዶክተር መሆን ነበር» ብሎ ይጀምር ነበር። ካውንስለሯ አነበበችና «ይህን ሁሉም ይጽፈዋል፤ አንቺ በዓይንሽ ያየሽው ምንድን ነው?» አለቻት። ልጄ ስለ አያቷ መድኃኒት ጻፈች። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ሦስት ዓይነት ኪኒን ትወስዳለች። ልጄ በየብልቃጡ ክዳን ላይ ለጠዋቱ ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ ሥላ ለጥፋላታለች። ሁለቴ የሚወሰደው ላይ ሁለቱም አሉ። ይህንኑ ጻፈች፤ ተቀበሏት። በጠቅላላው 24 ልጆች ነበሩ፤ ሐበሾቹ ከነልጄ ሦስት።

ራስ ምታቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ ሕመምተኛ ያለበት ክፍል ስለሚገቡ የክትባት ወረቀት ይጠየቃሉ። እሱ ከትምህርት ቤቷ ወዲያው ተገኘ። ቀጥሎ የቲቢ ምርመራ አለ። ክንድ ላይ፣ ከቆዳ ሥር ጠብታ የምታህል ፈሳሽ ይወጋሉ። ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እብጠቱ ይለካል። ልጄ የተወለደችው ደሴ ነው፤ እዚህ የመጣችው በአምስት ዓመቷ። እንደ አገር ቤት ልጆች ሁሉ በሕፃንነቷ ቢሲጂ፣ የቲቢን ክትባት ተከትባለች። ጠባሳው እስከ ዛሬ ክንዷ ላይ አለ። የተወጋችው ቦታ አበጠ። በማግስቱ ከፕሮግራሙ ቢሮ ኢሜይል መጣ። ውጤትሽ ፖዘቲቭ ነው፤ የደረት ራጅና የሐኪም ማረጋገጫ እስክታመጪ ድረስ መጀመር አትችይም ይላል። «አይዞሽ» የለው፣ ማብራሪያ የለው። ልጄ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። «እማ፣ ቲቢ አለብኝ እንዴ?»

ለመጀመር ስድስት ቀን ነበር የቀረው። እኔ ነገሩን ስለማውቀው አልደነገጥኩም። ቢሲጂ የተከተበ ሰው ቲቢ ሳይኖርበት የቆዳው ምርመራ ሊያብጥ ይችላል። የደሙን ምርመራ ግን ክትባቱ አያሳስተውም። ኳንቲፌሮን የሚባለው አንዱ ነው። ሲዲሲም (የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መከላከያ ተቋም) ቢሲጂ ለተከተበ ሰው የሚያስቀድመው የደሙን ነው። ለሐኪሟ ደወልኩ፤ በማግስቱ ደም ሰጠች። ውጤቱ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ደረሰ፤ ነጻ ናት። ራጁም አላስፈለገም።

እኔ ነርስ ስለሆንኩ አወቅሁ። ያላወቀችው እናትስ? ከሐበሾቹ ልጆች አንዱ በዚሁ ምክንያት ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው የገባው። የስደተኛ ልጅ በሞላበት አካባቢ ፎርሙ ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩ ምን ነበረበት? «ቢሲጂ የተከተባችሁ የደሙን ምርመራ ጠይቁ» ማለት ነው። ለአስተባባሪዋ ይህንኑ ጽፌላታለሁ። እናንተ ግን እነሱ እስኪያስተካክሉ አትጠብቁ። ልጃችሁ አገር ቤት ከተወለደ ከመጀመሪያው የደሙን ይታዘዝልን በሉ። የደሙም ቢሆን ፖዘቲቭ ቢመጣ ልጁ ታሟል፣ ለሰው ያስተላልፋል ማለት አይደለም። ጀርሙ ሰውነቱ ውስጥ ተኝቶ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒትም አለው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የመጀመሪያው ሳምንት እጅ መታጠብና ሲፒአር፣ ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን እየጫኑ መርዳት ነበር። አንድ ዱቄት እጃቸው ላይ ቀብተው ታጠቡ ይሏቸዋል። ታጥበው ሲጨርሱ መብራት አጥፍተው በልዩ ሰማያዊ ብርሃን ያሳዩዋቸዋል። ልጄ ጥሩ አድርጌ ታጠብኩ ብላ የአውራ ጣቷ ዙሪያና የጥፍሮቿ ሥር ቦግ ብሎ በራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ለምግብ ስንቀርብ የሁላችንንም አውራ ጣት ታያለች። ሲፒአሩን ደግሞ ኩሽና ወለል ላይ በሶፋ ትራስ አሳየችን። ሠላሳ ጊዜ መጫን፣ ሁለት ትንፋሽ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ አምስት ሴንቲ ወደ ታች። በአማርኛ እየቆጠረች ነበር፤ ሃያ ላይ ስትደርስ ግንባሯ አላበ። ወረቀቷ ለሁለት ዓመት ያገለግላል። እዚህ ላይ ምንም አላጓደሉም። አንድ በአንድ አስተማሩ፣ አንድ በአንድ ፈተኑ።

ይህን ፕሮግራም ግን ለሰው ንገሪ ንገሪ ያሰኘኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ ሐበሾች ልጅ በትምህርት ጎበዝ ከሆነ የምናውቃቸው ሙያዎች ሦስት ናቸው፤ ዶክተር፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት። እኔ ራሴ በሕክምና ሙያ ውስጥ እየሠራሁ ለልጄ ከነዚህ ሌላ ነግሬያት አላውቅም። በአራት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ዓይነት ባለሙያ አገኘች። የራጅና የአልትራሳውንድ ባለሙያዎች። ላብራቶሪ ውስጥ የደም ዓይነት የሚለዩ። ስትሮክ የመታው ሰው እንደገና ሸሚዙን መቆለፍ እንዲችል የሚያለማምዱ። ምድር ቤት ወርዳ ደግሞ የቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚያጸዱና የሚያመክኑ ሠራተኞች አየች። እያንዳንዱን መቀስና መቆንጠጫ ቆጥረው፣ በዝርዝሩ አመሳክረው ነው የሚያሽጉት። «እማ፣ እነሱ አንድ ቀን ቢቀሩ ዶክተሩ ምንም መሥራት አይችልም» ብላ ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳሳድጋት እንዲህ በጉጉት አውርታኝ አታውቅም ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን የዚያን ቀን እራቱ ቀዘቀዘ።

ልቧን የወሰደው ሬስፒራቶሪ ቴራፒስቱ ነው። ሥራው ትንፋሽ ነው። አስም የተነሳበትን ልጅ፣ ሳንባው የደከመውን አዛውንት፣ በማሽን የሚተነፍሰውን ሕመምተኛ የሚከታተል ሰው ነው። ለእያንዳንዳቸው ቀጭን የቡና ማማሰያ ስትሮ ሰጣቸው። አፍንጫችሁን ይዛችሁ በስትሮው ብቻ እየተነፈሳችሁ ደረጃ ውጡ አላቸው። ልጄ ስምንተኛው ደረጃ ላይ ቆመች። ቤት መጥታ ለኔም ስትሮ ሰጠችኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስንት ዓመት ትንፋሽ የሚያጥራቸውን ሰዎች ሳገለግል ኖሬ ነገሩን በራሴ ደረት ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ወደዚህ ሙያ ለመግባት ትንሹ መንገድ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ነው፤ ኮሚኒቲ ኮሌጅም ይሰጣል። ዶክተር ለመሆን አራት ዓመት ኮሌጅ፣ አራት ዓመት ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ሬዚደንሲ (ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ መሠልጠን) ያስፈልጋል። ልጄ የትኛውን እንደምትመርጥ አላውቅም። ሁለቱንም መንገድ በዓመቱ፣ በወጪውና በፈተናው ልክ ታውቃቸዋለች። ለኔ ይህ ብቻውን አራት ሳምንቱን ይከፍላል።

የአስተርጓሚዋን ቀን ሳልናገር አላልፍም። እዚያ ሆስፒታል የምትሠራ የሕክምና አስተርጓሚ መጥታ አንድ ሰዓት አስተማረቻቸው። በፌዴራል ሕግ ሆስፒታሉ እንግሊዝኛ ለማይችል ሕመምተኛ በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ እንዲያስተረጉም ማድረግ አይቻልም። ልጄ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ፣ እኔ ሁለት ሥራ ስሠራ፣ እናቴንና እሷን ጎረቤታችን ክሊኒክ አደረሳቸው፤ ወደ ሐኪሙ የገቡት ግን አያትና የልጅ ልጅ ብቻ ነበሩ። እናቴ «ኩላሊቴን ነው የሚያመኝ» አለች። ልጄ ኩላሊት የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አታውቀውም ነበር። «ጀርባዋን ያማታል» ብላ አለፈችው። ለጀርባ የሚሆን ቅባት ተሰጥቷቸው ተመለሱ። እኔ ከሥራ ስመለስ ነው የተረዳሁት። ልጄ ያን ቀን እስከ ዛሬ ልቧ ውስጥ ይዛዋለች። አስተርጓሚዋ ግን «ያ የአንቺ ጥፋት አልነበረም፤ መጀመሪያውኑ የአንቺ ሥራ አልነበረም» አለቻት። እኔ ላለፉት ዓመታት ያልነገርኳትን ነገር አንዲት የማላውቃት ሴት ነገረችልኝ።

አማርኛችንም እንጀራ እንደሆነ ያኔ ነው የገባት። ለብሔራዊው የአስተርጓሚነት ማረጋገጫ 18 ዓመት የሞላው፣ ሃይስኩል የጨረሰና ቢያንስ 40 ሰዓት የሠለጠነ ሰው ያመለክታል። ዋሽንግተን ዲሲም በፈረንጆቹ 2004 ያወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ይጨምራል። ልጄ አማርኛ ማንበብ ስትሰንፍ ስንቴ ተጣልተናል። አሁን ፊደል ገበታውን ራሷ አውጥታ ጠረጴዛዋ ላይ ለጥፋዋለች።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ለሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ሰው «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ሲላት «ሆስፒታል» ብላ ታልፍ የነበረች ልጅ ናት።

«እማ፣ ዛሬ ሰው ማገላበጥ ተማርን» አለችኝ። «አንዱ ልጅ አልጋ ላይ ተኛ። ለሁለት ሆነን ከሥሩ ባለው አንሶላ ስበን ወደ ጎን አዞርነው። ወገቤ ሊቆረጥ ነበር።»

«ጉልበትሽን አጥፈሽ ነው፤ በወገብሽ አትሳቢ» አልኳት።

«እንደሱ አሉን። አንቺ ግን ሌሊት ስንት ሰው ታገላብጫለሽ?»

«አሥር።»

«ስንት ጊዜ?»

«በየሁለት ሰዓቱ ነዋ። አለዚያ ጀርባቸው ይቆስላል።»

በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። «አርባ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ቦርሳዬን አንስታ መኪናው ድረስ ይዛልኝ ወጣች።

የመጨረሻው ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ አንድ ርዕስ መርጦ በፖስተር ያቀርባል። የሷ ርዕስ የደም ግፊትን ቤት ውስጥ በትክክል መለካት ነበር። ሙከራውን የሠራችው አያቷ ላይ ነው። መጀመሪያ እንደ ወትሯችን ለካቻት። ቡና ተፈልቷል፣ በረካው ላይ ደርሰናል፣ እናቴ እግሯን አነባብራ ስለ ጎረቤት ሰርግ ታወራለች። መለኪያው 158 በ90 አለ። በማግስቱ ጠዋት በደንቡ ለካቻት። ከመለካቱ በፊት ሠላሳ ደቂቃ ቡና የለም። ሽንት ቤት ደርሶ መምጣት። ወንበሩ ላይ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን መሬት አስነክቶ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ። ክንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትይዩ። መለኪያው ባዶ ክንድ ላይ እንጂ በሹራብ ላይ አይጠመጠምም። ወሬ የለም። የመጨረሻው ለእናቴ ከባዱ ነበር፤ ሁለቴ ልትናገር ስትል ልጄ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። መለኪያው 134 በ78 አለ። አንድ ደቂቃ ቆይታ ደገመችው፤ ያው ነው። «ታዲያ ኪኒኑን ልተወዋ?» አለች እናቴ። «አይሆንም፣ እማማ። ሁለት ሳምንት እየለካን ጽፈን ለዶክተርሽ እንወስዳለን» አለቻት። እንዲህ ብላ የመለሰችው ነው ያኮራኝ።

ፖስተሯ ላይ መሃል ቦታውን የያዘው የጀበና ሥዕል ነው፤ አጠገቡ ሠላሳ ደቂቃ የሚል ሰዓት። ጽሑፉ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ወላጆች በተጋበዝንበት ቀን አንዲት ነርስ ጀበናውን እያሳየች «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላ አስረዳቻት። ነርሷም «አሁን ገባኝ፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጡት እናቶች ለምን ከፍ እንደሚልባቸው» አለች። ያችን ፖስተር ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ እንለጥፋት ብለን እየተነጋገርን ነው።

ቅር ያለኝን ደግሞ ልናገር። ባለሙያ ተከትለው የሚውሉበት 16 ሰዓት ተብሎ ነበር፤ ልጄ ያገኘችው ሰባት ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ቀን ክፍሉ ስለተጨናነቀ ስምንት ልጆች የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። ሥራ ሲበዛ ልጅ ማስከተል እንደሚያስቸግር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ለእንዲህ ዓይነት ቀን ተለዋጭ ዕቅድ ይያዛል። ሁለተኛው ሳምንት ከጠዋት እስከ ማታ ስላይድ ነበር። ልጄ ያን ሳምንት ስትመለስ የምታወራኝ ነገር አልነበራትም።

ምሳውም መጀመሪያ ላይ አልተመቻትም። የመጀመሪያው ሳምንት ከሰኔ ጾም ጋር ገጠመ። እኛ ቤት ይጾማል። ሁለት ቀን ቱርክና አይብ ያለበት ሳንድዊች ብቻ ቀረበላት፤ ቺፕስ በልታ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ስንነግራቸው ግን ወዲያው የጾም አዘጋጁ። ስለዚህ ፎርሙ ላይ የምግብ ጥያቄ ሲኖር አትዝለሉት። የቁስል ስፌት ልምምዱ ደግሞ በአሳማ እግር ነው። ልጄ ልንካ አልንካ ብላ ተጨነቀች። ከሷ ጋር የነበረች ሙስሊም ልጅ ቀድማ እጇን አውጥታ ጠየቀች፤ የሲሊኮን ቆዳ አመጡላቸው። ሁለቱም በሱ ሰፉ። ሳይጠየቁ ቢያቀርቡት ይሻል ነበር፤ ሲጠየቁ ግን ፊታቸውን አላጠቆሩም።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ሃይስኩል ለመጨረስ የ75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ያስፈልጋል። እኔ ይህ ፕሮግራም ይቆጠርላታል ብዬ ነበር። አልተቆጠረም፤ ትምህርት እንጂ አገልግሎት አይደለም ተባልን። ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለተጓደለው ሰዓትና ለዚያ ኢሜይል ነው። የሚመጣው ዓመት የወንድሜን ልጅ እዚያው አስመዘግባለሁ፤ የደሙን ምርመራ በጊዜ አሠርቼ።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል እሑድ ሌላ ነገር ተጨመረ። ከቅዳሴ በኋላ አንድ የማከብራቸው እናት ጠጋ አሉኝ።

«ልጅሽ ነግራሻለች አይደል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

ደነገጡ። ከዚያ ሳቁ። ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ እዚያ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ለሰው አላወሩም ነበር። ልጄ ነርሷን ተከትላ ክፍላቸው ገባች። ሲያዩዋት «እሰይ፣ መጣሽልኝ! ምንድን ነው የሚሉኝ? ንገሪኝ እስቲ» አሏት። ልጄ አጎንብሳ እጃቸውን ሳመች። «እኔ ማስተርጎም አይፈቀድልኝም፤ የሚያስተረጉምልዎት ሰው ይመጣል» አለቻቸው። ለነርሷም አማርኛ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋቸው ነገረች። ብዙም ሳይቆይ በስክሪን አንዲት አስተርጓሚ ቀረበች። ልጄ ከክፍሉ ወጣች። «ያን ቀን ነው ሕመሜ ምን እንደሆነ መጀመሪያ በደንብ የገባኝ» አሉኝ። ልጻፈው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ስሜን ካልጠራሽ ጻፊው፤ ሌላውም አስተርጓሚ አምጡልኝ ማለት ይልመድ» አሉ።

ልጆቹ ስለሚያዩት ሕመምተኛ ለማንም እንዳያወሩ በመጀመሪያው ቀን ፈርመዋል፤ ሂፓ የሚባለው ሕግ ነው። ልጄ ሦስት ሳምንት ከኔ ጋር አንድ ገበታ በልታ ትንፍሽ አላለችም። እንዲያውም አንድ እሑድ እኚሁ እናት የት ጠፉ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «እኔ እንጃ» ሳትል «እስቲ ደውይላቸው» ነበር ያለችኝ።

ቤት ስገባ የአያቷ አዲስ ብልቃጥ ላይ ፀሐይ እየሣለች ነበር።

«እሳቸው ነገሩኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እሳቸው ከነገሩሽ ደግ» አለች። «እኔ ግን ምንም አልነገርኩሽም።» ሥዕሏን ቀጠለች።